የአግዳሚ ወንበሯ ወንጀል

መንገድም እንደ ሰው እንደሚታመም፣ ሲታመምም በደብዳቤ እንደሚድን ከብዙ ስብሰባ በኋላ ለደረሰበት ለመንገድ ማነቃቂያ ጽሕፈት ቤት ምስጋና ይግባውና ያ የሱቆች መንገድ ሐኪም አገኘ። ሕመሙን ነጋዴው ሁሉ ያውቀው ነበር። ገበያው ቀዝቅዟል፤ ከታች ካለው ዳቦ ቤት እስከ ላይኛው መታጠፊያ ከተደረደሩት አሥራ ሰባት ሱቆች አምስቱ ከተዘጉ ቆይተዋል። ጽሕፈት ቤቱ ግን እንደ ነጋዴው «ቀዝቅዟል» ብሎ አላለፈውም። «የእግረኛ እንቅስቃሴ እጥረት» የሚል ስም አወጣለት። ስሙ ከወጣ በኋላ የቀረው ማዳን ብቻ ስለነበር ኃላፊው ራሳቸው ከነቦርሳቸው መጡ።

ኃላፊው መንገዱን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ታች ተመለከቱ። ሰው ተሰብስቦ ያዩት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ የጫማ ሰፊው በር ላይ።

ጫማ ሰፊው ከእጁ ከማትለየው መሣሪያ የተነሣ ጋሽ ወስፌ ይባላል። በሩ ላይ ስድስት ሰው የምትይዝ አግዳሚ ወንበር አለችው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ባለጉዳዩ ይቀመጣል፣ ጫማውን ያወልቃል፣ ከስድስቱ የተውሶ ነጠላ ጫማዎች አንዱን ተጫምቶ ይጠብቃል። በሰው ነጠላ ጫማ ሩቅ መሄድ ስለማያምር መንገዱን አይለቅም። ጥቂት ሲቆይ ግን «እስከዚያው» ይላል። እስከዚያው ፀጉሩን ይስተካከላል። እስከዚያው የላላ ቁልፉን ለልብስ ሰፊዋ ይሰጣል። እስከዚያው ለቤቱ ዳቦ ይገዛል። ከዚያ መንገድ ሽያጭ ግማሹ በ«እስከዚያው» የሚሸጥ ነበር።

ኃላፊው ዝርዝር ውስጥ አይገቡም። ያዩት የተቀመጡ ስድስት ሰዎችን ነው።

«እነዚህ ምን እየሠሩ ነው?»

«እየጠበቁ ነው ጌታዬ» አለ ጋሽ ወስፌ።

«ምን?»

«ጫማቸውን።»

«ይንቀሳቀሳሉ?»

ጋሽ ወስፌ ስድስቱንም ተራ በተራ አያቸው። አንደኛው አዛጋ።

«አፋቸው ይንቀሳቀሳል» አለ።

ኃላፊው ይህንኑ ጻፉ። እሳቸው ሲጽፉ የጋሽ ወስፌ ዓይን እንደ ልማዱ ወደ ታች ወረደ፤ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው ጫማ ሲያይ ነው ያረጀው። የኃላፊው የቀኝ ጫማ ሶል ከአፍንጫው በኩል ትንሽ አፏን ከፍታለች።

«ጌታዬ፣ ይቺ ሶል ልትለቅ ነው። ሁለት ደቂቃ ቁጭ ቢሉልኝ…»

«ወንድሜ» አሉ ኃላፊው ከልባቸው አዝነው፣ «ይህን መንገድ የገደለው እኮ ቁጭ ማለት ነው።»

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። «አግዳሚ ወንበሩ እግረኛውን ከእግሩ ጋር በማራራቅ ለእንቅስቃሴው መቀዛቀዝ የጎላ አስተዋጽኦ ሲያደርግ የቆየ ሆኖ ስለተገኘ ከቦታው እንዲነሣ፣ በመንገዱም ላይ መቆምና መቀመጥ እንዲከለከል ተወስኗል» ይላል። ወዲያው አራት ሰዎች መጥተው ወንበሯን ተሸክመው ሄዱ። ደረሰኝ የለ፣ ፊርማ የለ። ሩቅ ግን አልወሰዷትም። በመንገዱ ላይኛው ጫፍ አስፋልቱ ላይ ነጭ መስመር ተቀባ፣ ከመስመሩ አጠገብ ጃንጥላ ተተከለ፣ ወንበሯም ከጃንጥላው ሥር ተቀመጠች። ከጽሕፈት ቤቱ የተመደበች አንዲት ቆጣሪ ተቀመጠችባት። ሥራዋ መስመሩን ሰው በተሻገረ ቁጥር መቁጠሪያዋን በአውራ ጣቷ ቀጭ ማድረግ ነው። መቀመጥ መንገድ እንደሚገድል ስለተረጋገጠ በመንገዱ ላይ እንድትቀመጥ የተፈቀደላት እሷ ብቻ ሆነች።

ጋሽ ወስፌ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄዶ ደጅ ጠና።

«ጌታዬ፣ ሰው በባዶ እግሩ ቆሞ ጫማ አያሰፋም። ወንበሯን ወሰዳችሁ ማለት ሱቄን ዘጋችሁ ማለት ነው።»

«መንገዱ በቀን አንድ ሺህ እንቅስቃሴ ያስመዝግብ» አሉ ኃላፊው፣ «ወንበርህ በክብር ይነሣልሃል።»

የመጀመሪያው ቀን ቆጠራ ዘጠና አራት ሆነ። ከዘጠና አራቱ ስድስቱ አንድ መንገድ የጠፋበት ሽማግሌ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ሰማንያ፣ በሦስተኛው ሰባ አንድ። ጽሕፈት ቤቱ ግን ተስፋ የሚቆርጥ ጽሕፈት ቤት አይደለም። «ነጋዴው አርአያ ይሁን» የሚል መመሪያ አወጣ። እያንዳንዱ ባለሱቅ አርባ ባዶ ሳጥን ያለበት የእንቅስቃሴ ካርድ ተሰጠው። መስመሩን ተሻግሮ ሲመለስ አንድ ሳጥን ይሞላለታል። ካርዱን በቀን ያልሞላ «ለመነቃቃት ፈቃደኛ ያልሆነ» ተብሎ ይመዘገባል።

እንዲህም ሆኖ አሥራ ሁለት ሱቆች «በእንቅስቃሴ ላይ ነን» የሚል ወረቀት በራቸው ላይ ለጥፈው ተቆለፉ፣ አሥራ ሁለት ባለሱቆችም መዞር ጀመሩ። በየዙሩ ጋሽ ወስፌ ወንበሯን በጎን ዓይኑ አይቶ ያልፋል። ቀኝ እግሯ ላላ ብላለች፤ አንድ ሚስማር ይበቃት ነበር።

«ጋሼ፣ ስንተኛህ ነው?» አለችው ልብስ ሰፊዋ፣ ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ።

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ቀደምኩህ፤ እኔ ሃያ አንድ።»

«ትናንት ግማሽ መንገድ ላይ ስትመለሺ አይቼሻለሁ። እኔ ላይ አትኩሪ።»

«ምጣድ ላይ የተረሳ ካውያ ትዝ ብሎኝ ነው።»

«ካውያ ምጣድ ላይ ምን ይሠራል?»

«እሱን ነው እኔም እየዞርኩ የማስበው» አለች። «ጭንቅላቴም ዞሯል መሰለኝ።»

ከኋላቸው ፀጉር አስተካካዩ ማበጠሪያውን ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ያነክሳል። ከሁሉ የሚገርመው ጫማው ነበር፤ የሁሉም ጫማ ያልቅ ጀመር። የመንገዱ ነጋዴ በሙሉ ሶሉ ተበልቷል፣ ብቸኛው ጫማ ሰፊ ግን አብሯቸው እየዞረ ነው። የእሱም ግራ ጫማ ከሥሩ ተቀዶ ጠጠር ያስገባል።

አንድ ቀን የተነቀለ ተረከዝ በእጇ የያዘች ሴት አስቆመችው፤ ማለትም ልታስቆመው ስላልቻለች አብራው ተራመደች።

«ሱቅህ መቼ ነው የሚከፈተው?»

«ሃያ ሁለት ዙር ሲያልቅልኝ እናቴ።»

«በሩ ላይ ልጠብቅህ?»

«መቆም ክልክል ነው። ከፈለግሽ አብረሽኝ ዙሪ።»

«በአንድ ተረከዝ?»

ሴትዮዋ ስትገባ ተቆጥራ ነበር፤ ተናዳ ስትወጣም ተቆጠረች። በማነቃቂያው አቆጣጠር ምንም ሳትገዛ የተመለሰች ገበያተኛ ሁለት ሰው ናት።

በዚያው ዙር ላይ ልጁ ደወለች። ሌላ ሰፈር የምትኖር፣ አባቷ ሱቁን ትቶ እሷ ጋ እንዲገባ ዓመት ሙሉ የለመነች ልጅ ናት።

«አባዬ፣ ምነው ትንፋሽህ?»

«እየተነቃቃሁ ነው ልጄ።»

«ምን ሆነህ ነው? ተወውና ና አላልኩህም?»

«ወንበሯ ትመለስ ብቻ። ከተመለሰች ሥራ አለኝ፤ ካልተመለሰች መጥቼ ትጦሪኛለሽ።»

በሁለት ወሩ ቆጠራው አንድ ሺህ ሠላሳ ደረሰ። ጽሕፈት ቤቱ «የሞተ መንገድ ነፍስ ዘራ» የሚል ሪፖርት አወጣ። ሱቆቹ ስለመዘጋታቸው ሪፖርቱ ምንም አላነሣም፤ ጥያቄው የእግር እንጂ የሱቅ አልነበረም። የመነቃቃት ቀንም ተቆረጠ። ነጭ መስመሩ ላይ ቀይ ሪባን ይወጠራል፣ ኃላፊው ከታች ዳቦ ቤቱ ጋ ንግግር አድርገው ሰልፉን እየመሩ ይወጣሉ፣ ሪባኑን ቆርጠው በዕለቱ መስመሩን የሚሻገር የመጀመሪያው እግረኛ ይሆናሉ። ከእሳቸው በፊት ማንም አይሻገርም።

ጋሽ ወስፌ በዕለቱ ንጹሕ ሸሚዝ ለበሰ፤ ለወንበሯ እግር የሚሆን ሚስማር ኪሱ ከቶ መጣ።

«…ይህን ድል ያስገኘችውን አግዳሚ ወንበርም አልዘነጋናትም» አሉ ኃላፊው በንግግራቸው መጨረሻ። «ከዛሬ ጀምሮ በክብር ተነሥታ በጽሕፈት ቤታችን ኮሪደር ትቀመጣለች። ባለጉዳዮቻችን ይቀመጡባታል።»

ጭብጨባ ሆነ። ጋሽ ወስፌ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ሚስማር ጨበጠ። ልብስ ሰፊዋ በክርኗ ነካ አደረገችው።

«ጋሼ፣ እንዲህ ነበር የተባባላችሁት?»

«በክብር ትነሣለች ነው ያሉኝ» አለ። «የት እንደምትቀመጥ እኔ አልጠየቅኩም።»

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ገና ግማሽ ሳይደርሱ ከፊት በኩል ጠፍ፣ ጠፍ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ወስፌ ቀና ብሎ ማየት አላስፈለገውም። ሪባኑ ሃያ ርምጃ ሲቀረው የኃላፊው የቀኝ ሶል በቃኝ አለች፤ እሳቸው ሄዱ፣ እሷ ቀረች። ኃላፊው በአንድ እግራቸው እየነጠሩ ሄደው በመንገዱ ላይ ባለችው ብቸኛ መቀመጫ ላይ አረፉ። ቆጣሪዋ ቦታ ለቀቀችላቸው።

«ጫማ ሰፊው የታለ?»

«አለሁ ጌታዬ» አለ ጋሽ ወስፌ፣ በፊታቸው እያለፈ።

«ታዲያ ና ስፋልኛ።»

«አልችልም ጌታዬ» አለ፣ በወንበሯ ጀርባ ዞሮ በሌላው ጎን ብቅ እያለ። «መቆም ክልክል ነው።»

«ማን ነው የከለከለው?»

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ። ቁጥሩም ቀኑም አለው ደብዳቤው።» እንደገና ዞረ።

ኃላፊው ሶላቸውን አዩ፣ ሪባኑን አዩ፣ በወንበራቸው ዙሪያ የሚሽከረከረውን ሰው አዩ።

«በቃ ለጊዜው ቁም» አሉ።

ባለሥልጣን የተናገረው ቃል ለሁሉም ነውና አሥራ ሁለቱም ቆሙ። በሁለት ወር ውስጥ የመጀመሪያቸው ነበር። ጋሽ ወስፌ ሱቁን ከፍቶ ወስፌውን፣ ክሩንና ማጣበቂያውን፣ ከተውሶ ነጠላ ጫማዎቹም ለኃላፊው እግር የሚበቃውን ብቸኛ ሮዝ ነጠላ ጫማ ይዞ መጣ።

«ይቆያል?»

«ማጣበቂያው እስኪደርቅ ነው።»

ኃላፊው ጥቂት ተቀመጡ። አዛጉ። ከዚያ ፀጉር አስተካካዩ በሩን ሲከፍት አይተው አገጫቸውን ዳሰሱ።

«እስከዚያው…» አሉ።

እስከዚያው ጢማቸውን ተላጩ። እስከዚያው የኮታቸው ቁልፍ ጠበቀ። እስከዚያው በሮዝ ነጠላ ጫማ ዳቦ ቤት ድረስ ወርደው አምስት ዳቦ ገዙ። ይህን ያየ መንገደኛ ሁሉ ከታች በኩል እየገባ ቆመ፤ የቆመው ጫማውን አየና አወለቀ። ቀድመው የደረሱት ስድስቱ ወንበሯ ላይ ተቀመጡ፤ የቀረው ደፍ ላይ፣ ደረጃ ላይ፣ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። በሦስት ዓመት እንደዚያ ሰው የበዛበት ቀን አልነበረም። ኃላፊው ስለ ምራታቸው አመል ለልብስ ሰፊዋ ሲያወሩ ሪባኑን ረሱ። ሶሏ ስትደርቅ ተጫምተው፣ ዳቧቸውን ይዘው፣ በታች በኩል ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ሪባኑ እንደተወጠረ መሸ። ማንም አልተሻገረውም። ቆጣሪዋም የታዘዘችውን መዘገበች፤ ዜሮ።

ሰኞ የመጣው ደብዳቤ በኃላፊው በራሳቸው ፊርማ ነው። «በምረቃው ዕለት በተደረገ ትክክለኛ ቆጠራ አንድም እንቅስቃሴ ስላልተገኘ መንገዱ የማይነቃቃ መሆኑ ተረጋግጧል። ስለሆነም ከመርሐ ግብሩ ተሰርዞ በሙት መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ተወስኗል» ይላል። የጽሕፈት ቤቱን ንብረት የሚጭን መኪና ዝርዝር ይዞ መጣ። ጃንጥላ አንድ፣ ጫኑ። መቁጠሪያ አንድ፣ ጫኑ። ሪባን አምስት ሜትር፣ ጠቅልለው ጫኑ።

«ወንበሯስ?» አለ ጋሽ ወስፌ።

ጫኚው ዝርዝሩን ገለበጠ። «ወንበር የሚል የለም። ያልተመዘገበ ዕቃ አንነካም።»

ደብዳቤውን ጋሽ ወስፌ ግድግዳው ላይ ለጠፈው፤ ሚስማሯን ግን ለወንበሯ እግር አዋላት። በሳምንቱ የቀድሞዋ ቆጣሪ የተላጠ ተረከዝ ይዛ መጣች። በተውሶ ነጠላ ጫማ፣ በአምስት ሰዎች መካከል ተጠጋግታ ተቀመጠች።

«እስቲ የለመደ እጅሽ ነው» አላት ጋሽ ወስፌ ክሩን በጥርሱ እየቆረጠ። «ዛሬ ስንት ደረስን?»

ቆጣሪዋ ወንበሯን ዳር እስከ ዳር አየች፤ ደፉን፣ የዳቦ ቤቱን ተራ፣ ፀጉር ቤቱ በር ላይ የቆሙትን አየች።

«ዜሮ» አለች። «ጠጋ በሉ፣ ሰው መጣ።»