«እስቲ አምጣው» ባዩ ቨርዴልና የአባቴ ትራክተር

አንድ ቤተሰብ በወጉ ቤተሰብ የሚባለው ቢያንስ አንድ «እስቲ አምጣው» ባይ ሲኖረው ነው። ታውቁታላችሁ። ብሎን እያጠበቃችሁ ነው እንበል። ከኋላችሁ መጥቶ ይቆማል፤ ምንም አይልም፤ ለትንሽ ጊዜ በአፍንጫው ብቻ ይተነፍሳል። ከዚያ መዳፉን ዘርግቶ «እስቲ አምጣው» ይላል። ካቻቪቴው እንዴት ከእጃችሁ እንደወጣ አታውቁትም። እሱ ሁለቴ አዙሮ ጨርሶታል፤ እናንተ ደግሞ በገዛ ቤታችሁ እጃችሁን የት እንደምታደርጉት ጠፍቷችሁ ቆማችኋል።

የኛ ቤት «እስቲ አምጣው» ባይ ክቡር ሊቀ ትራክተራን ቨርዴል ክቫሜ ይባላል፤ የአጎቴ ልጅ ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው። ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ፣ ከሚዙሪ ወንዝ በስተምዕራብ፣ ከብት ያረባል። ልጁ ክርስትና ስትነሳ ፓስተሩ አንገቷን በደንብ አልደገፉም ብሎ፣ በምእመናኑ ሁሉ ፊት «እስቲ ያምጧት» አላቸውና ልጅቷ በአባቷ እጅ ላይ ሆና ተጠመቀች። አንድ የገና ሰሞን የካፖርቴ ዚፕ ተይዞብኝ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ስታገል፣ በስልሳ ምናምን ዓመቴ፣ እንደ መዋዕለ ሕፃናት ልጅ እስከ አገጬ ድረስ ቆለፈልኝ። ሰው እያየ! አባቴ በተቀበረ ቀን ደግሞ አካፋውን ከቀባሪው እጅ ተቀብሎ አፈሩን እሱ መለሰ። ጥግ ጥጉን እያስተካከለ፣ ሣሩን መልሶ እየደለደለ፣ አሳምሮ ነው የመለሰው። ሰውዬው አንድ ቀን ተሳስቶ ቢያውቅ ኖሮ ሁሉንም ይቅር እለው ነበር።

እኔ ኦርሊን ነኝ። ከዚያ እርባታ ላይ ተወልጄ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቴ ወደ ከተማ ሄጄ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት የትምህርት ቤት ማርሽ ባንድ ሳሠለጥን ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። አባቴ ሲሞት ከተወው ወረቀት ላይ «ፒያኖው ለኦርሊን፣ ትራክተሯ ለቨርዴል» የሚል ተገኘ። ፒያኖው የእናቴ ነው፤ ደህና ፒያኖ ነው፤ አላማርርም። ከመሬቱም ድርሻዬን ለቨርዴል የሸጥኩለት በፈቃዴ ነው፤ በመሬቱ አልቀናም። በላሞቹ የሚቀና ሰው ካለ ደግሞ በየካቲት በረዶ መጥቶ ሲወልዱ ያዋልዳቸው። በትራክተሯ ግን ቀናሁ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀናሁ። ጨጓራዬን የላጠው ቅናት ነው ብዬ ለሐኪሜ ነግሬው አላመነኝም።

አረንጓዴ ናት፤ ባለ ሁለት ሲሊንደር፤ ከኔ በዕድሜ ትበልጣለች። ቀለሟ በፀሐይ ነጥቷል። አባቴ ሲወጣና ሲወርድ የሚይዛት ቦታ ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ያበራል። ቨርዴል እዚያ ቦታ ላይ ማንም እንዲነካት አይፈቅድም። የኔ አባት እጅ ያረፈበትን ቦታ፣ እኔን!

ሁልጊዜ ነሐሴ ሲገባ አንድ ሳምንት እሱ ቤት አርፋለሁ፤ ቅዳሜውን አብረን ወደ አሮጌ ትራክተሮች ትርዒት እንሄዳለን። እዚያ አገር የትራክተር ቀለም የፋብሪካ ወገን ነው፤ አረንጓዴ ትራክተር ያለውና ቀይ ትራክተር ያለው ሰው ልጅ ለልጅ ይጋባሉ እንጂ መፍቻ አይዋዋሱም። ትርዒቱ ላይ ታዲያ ሽማግሌዎቹ፣ ቀዩም አረንጓዴውም፣ እየመጡ የአባቴን ትራክተር ከበው ይቆማሉ። «በስልሳዎቹ ሐይቁ ላይ በረዶው ተሰብሮ ሰዎች ሲሰምጡ፣ ሟቹ በዚህች አይደል ጎትተው ያወጧቸው» ይላሉ። ይህን ሁሉ የሚነግሩት ለቨርዴል ነው። እኔ ልጁ እዚያው አጠገባቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሴቶች የጋገሩትን የቼሪ ፓይ በወረቀት ሳህን ይዤ ቆሜአለሁ። አንዱ እንኳ ዞር ብሎ አያየኝም። 

ከሁሉ የሚብሰው ግን የዝግታ ውድድሩ ነው። ሃምሳ ሜትር ነው፤ መጨረሻ የደረሰ ያሸንፋል። አንዴ ከተነሳህ ፍሬን የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፤ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ቀንሰህ ሞተሩ በነፍስ ብቻ እንዲቆይ ማድረግ ነው። ሞተሩ ከጠፋ ወይም ጎማው ከቆመ ወጣህ። ሊቀ ትራክተራን ይህን ውድድር ዘጠኝ ዓመት ተከታትሎ አሸንፏል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እኔ ገመዱ ጥግ ቆሜ አጨበጨብኩ። እጄ ያጨበጭባል፣ ሆዴ ይራገማል።

ዘንድሮ ግን ጉድ ፈላ። ትርዒቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንዲት ላም የበረቱን በር በርግዳበት የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ነርሷ ጄሶውን ስትጠቀልል በግራ እጁ «እስቲ አምጪው» ብሏታል አሉ፤ አምናለሁ። የትርዒቱ ማኅበር ሕግ ደግሞ አይነቃነቅም፦ ትራክተሩን በገዛ እጁ ያላስነሳና መሪውን በሁለት ደህና እጅ ያልያዘ ሰው አይወዳደርም።

ማክሰኞ ስደርስ ይጠይቀኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልጠየቀኝም። ረቡዕም አልጠየቀኝም። ሐሙስ ጎተራው ውስጥ ገብቼ ትራክተሯ አጠገብ ወዲያ ወዲህ አልኩ፣ ሳልኩም፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። ያቺን ወንበር ምን ያህል እንደፈለግኳት ብነግራችሁ ታፍሩብኛላችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሃምሳ ሜትር ብቻ፣ ሰው እያየኝ። በዕድሜዬ ሌላ የቀረኝ ነገር የለም።

ዓርብ ምሳ ላይ ቨርዴል «ሊማን ቢነዳትስ?» አለ።

ሚስቱ ኦርዲስ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «የትኛው ሊማን? ቀዩ ሊማን? የሱ ቂጥ አረንጓዴ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያውቃል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ፊት ለፊትህ የተቀመጠው ሰውዬ ምን መሰለህ? የጨው ዕቃ?»

ቨርዴል አየኝ። ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ የሚገዛት ጊደር እንኳ እንደዚያ አትመረመርም። «ኦርሊን እኮ...» አለ፣ «እጁ የፒያኖ እጅ ነው።»

«የአባቴ ትራክተር ናት!» አልኩ። ካሰብኩት በላይ ጮህኩ። ውሻው ተነስቶ ወጣ።

ቨርዴል ውሻው የወጣበትን በር አየ። «እሺ» አለ በመጨረሻ፣ ጥርሱን እንደሚነቅሉት ሰው።

ከሰዓት በኋላውን ሊያሠለጥነኝ ወሰደኝ። ማሠልጠን ካላችሁት። ካንዴላውን ስነካ «እስቲ አምጣው»፤ የነዳጁን ዘንግ ስይዝ «እስቲ አምጣው»፤ ጨርቅ አንስቼ አቧራ ልጠርግ ስል «እስቲ አምጣው፤ በሱ አይጠረግም።» በአንድ እጁ ይህን ካደረገ በሁለቱ እግዜር ይወቀው። ኦርዲስ በመስኮት ሆና «ቨርዴል፣ ሰውየው ይንካት!» እስክትል ድረስ ትራክተሯን በዓይኔ ብቻ ነበር የነዳኋት።

ቅዳሜ ሰው ጎርፏል። ሊማን ቀይ ትራክተሩ ላይ ጉብ ብሎ ገና ከሩቅ ሲያየኝ «ኦርሊን! ባንድ የምትመራበትን ዱላህን ረሳኸው እንዴ? ያለ ዱላ ማን ይታዘዝልሃል?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ቨርዴልም ሳቀ፤ ቂም ያዝኩበት።

ሞተሯ የሚነሳው ቮላኖዋን፣ በጎኗ ያለውን ከባድ የብረት መንኮራኩር፣ በእጅ በማሽከርከር ነው። ሳብኩ። ዝም። እንደገና ሳብኩ። አንዴ አስነጠሰችና ዝም አለች። ቨርዴል ከገመዱ ወዲያ ሆኖ ከንፈሩን ሲነክስ አየሁት። በሦስተኛው ያለኝን ሁሉ ሰጥቼ ሳብኳት፤ ተነሳች። ቱክ፣ ቱክ-ቱክ፣ ቱክ። ወጥቼ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ። ብረቱ በፀሐይ ግሎ አቃጠለኝ፤ እሰይ ያቃጥለኝ አልኩ።

አምስት ነበርን። ባንዲራው ወረደ። እንግዲህ ቨርዴል ያልቆጠረው አንድ ነገር አለ። እኔ ሠላሳ ስምንት ዓመት የልጆች ከበሮ ስሰማ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ምት ሊዘለል ሲል ከመዘለሉ በፊት ይሰማኛል። ነዳጁን ቀነስኩ፣ ቀነስኩ፤ ልትጠፋ ስትል ፀጉር የምታህል ጨመርኩላት፤ መልሼ ቀነስኩ። አንዱ ሞተሩ ጠፋበት። ሌላው ጠፋበት። ሦስተኛው ትዕግሥቱ አልቆ ቀድሞ መስመሩን አለፈ። ሊማን ብቻ ቀረ፤ እሱም የፊት ጎማው ከኔ አንድ ሜትር ቀድሟል። እንዲህ ከቀጠለ ቀድሞኝ ይደርሳል፤ ያሸነፍኩት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ገመዱን ገፍተው ጠጋ አሉ። «የማን ልጅ ነው?» ሲባል ሰማሁ። «የሳቸው ነዋ!» ሲባልም ሰማሁ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ያኔ ነው ቨርዴልን ያየሁት። ከሰው ጀርባ ቀርቷል። ጄሶውን በደረቱ ይዞ፣ የግራ መዳፉን ሳያውቀው ዘርግቶ፣ አፉን ከፍቶ ያየኛል። ሊያጨበጭብ ሞከረና በአንድ እጅ እንደማይሆን ትዝ አለው። ያን ፊት አውቀዋለሁ። በየዓመቱ ከዚህ ትርዒት ስመለስ በመኪናው መስታወት ውስጥ የማየው ፊት ነው።

በመጀመሪያ እንዴት እንደጣፈጠኝ ልንገራችሁ። ቅመሳት አልኩ በሆዴ። ዘጠኝ ዓመት ቅመሳት። አሥር ሜትር ያህል እንዲሁ ጣፈጠኝ። ከዚያ ያቺ የተዘረጋች ባዶ መዳፍ አስጠላችኝ። አዘንኩለት ማለት አልወድም፤ ተናደድኩ ብል ይሻለኛል። ሰውዬው እንደዚያ ሲሆን ማየት አልቻልኩም። በሕይወቴ ሙሉ እጁ ባዶ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

መስመሩ አራት ሜትር ሲቀረኝ የፍሪሲዮኗን ዘንግ ሳብኩ። ጎማው ቆመ።

«ኧረ ኦርሊን!» አለ የማኅበሩ ወጣት በድምፅ ማጉያው። «ምን ሆኑ? ጎማው እኮ ቆመ! እያሸነፉ እኮ ነበር!»

ሰው ሁሉ «ኤዲያ!» አለ። ቨርዴል በገመዱ ሥር ሾልኮ፣ በዚያ ዕድሜው፣ ሮጦ መጣ። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። «አብደሃል እንዴ? ሞተሯ ደህና ናት! አራት ሜትር እኮ ነው የቀረህ! አራት ሜትር!»

«ውጣ» አልኩት።

«የት ነው የምወጣው? ወንበሩ የአንድ ሰው ነው።»

«ከኋላ ውጣ። አትከራከረኝ።»

ጥቂት አየኝ። ከዚያ ከኋላዋ ባለው የመጎተቻ ብረት ላይ ወጥቶ፣ በደህናው እጁ የሸሚዜን አንገት ጨምድዶ ያዘ። ነዳጁን ሰጥቼ ለቀቅኳት። በዚያ ትርዒት የዝግታ ውድድር መስመርን በዚያ ፍጥነት ያለፈ ሰው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ሊማን ስናልፈው በሳቅ መሪውን ለቀቀ።

«አሥረኛዬ ነበር» አለ ቨርዴል ከጆሮዬ ሥር። ተናዷል። በእውነት ተናዷል። «አሥረኛዬን በላሃት።»

«የኔ የመጀመሪያዬ ነበረች» አልኩት።

የሸሚዜን አንገት ጠበቅ አደረገ። ከዚያ የሞተሩን ድምፅ ለማሸነፍ እየጮኸ፣ «አባትህ አንድ ቀን እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጦኝ አያውቅም!» አለኝ።

«ምን?»

«እሱ በሕይወት እያለ አንድም ቀን! እዚህ ኋላ ቆሜ ነው ስንት ዓመት የሄድኩት። አንተን ግን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪውን አስይዞህ ነበር፤ አምስት ዓመትህ ነው። እኔ ስምንቴ ነበር፤ አባቴ የሞተ ዓመት። ከአጥሩ ሆኜ አይቻችሁ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።»

እውነቱን ልናገር፤ እኔ ይህን ጭራሽ አላስታውሰውም። ሃያ ሁለት ዓመት ስቀና የኖርኩበት ሰው ስልሳ ሦስት ዓመት ሲቀናብኝ ኖሯል፤ ያውም እኔ በረሳሁት ነገር።  ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ የነዳጁ ጭስ ነው እንዲል ብዬ አልጠረግኩትም።

ወደ ማቆሚያው መታጠፊያ ደረስን። መሪውን አላዞርኩም።

«ሜዳውን አንዴ ላዙርህ?» አልኩት።

«ሁለቴ» አለኝ።