ውረድና ሰላም በል

ሰዓት አክባሪ ሰው ባለጌ ነው!

አዎ፣ ባለጌ። አትቆጡ፤ እስቲ አንድ ጊዜ ረጋ ብላችሁ አስቡት። በጠዋት በሰዓቱ ቢሮ ደርሶ ወንበሩ ላይ ጉብ ያለ ሰው መንገድ ላይ ማንን ሰላም ብሎ መጣ? የማንን የጉልበት ሕመም ከነመነሻው አዳመጠ? «ላሚቱስ ወለደች?» ብሎ ማንን ጠየቀ? ማንንም! ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ የሰውን ልጅ ሁሉ እንደ መብራት ምሰሶ እያለፈ ነው የደረሰው። እኛ ደብረ ማርቆሶች ደግሞ ምሰሶም ቢሆን የምናውቀው ከሆነ ዝም ብለን አናልፍም። ስለዚህ አርፋጅ እያላችሁ ስማችንን የምታጠፉ ሰዎች ተው! እኛ ያረፈድነው ጨዋ ስለሆንን ነው። ይህንን እውነት የገለጠልኝ ደግሞ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ብስክሌት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤታችን አቶ መላኩ የሚባሉ አዲስ ኃላፊ መጡለት። የሆነ ቦታ ሥልጠና ወስደው ከተመለሱ ወዲህ ከሰው ይልቅ ከእጅ ሰዓታቸው ጋር የሚያወሩ ሰው ናቸው። በመጡ በሳምንቱ በር ላይ የጣት አሻራ ማሽን አስተከሉ። ጣታችሁን ስታስነኩት በጊዜ ከመጣችሁ አረንጓዴ አብርቶ በሴት ድምፅ ያመሰግናችኋል። ካረፈዳችሁ ቀይ አብርቶ ያኮርፋል። እኛም ማልደን እየመጣን እናስነካና፣ ተመስግነን፣ ሻይ ለመጠጣት እንወጣለን። ሥራው ያው ነው፤ አሻራው ግን ተሻሻለ።

እኔ ግን ሌላ ጣጣ ነበረብኝ። የቡድን መሪያችን ተዛውረው ቦታቸው ክፍት ሆኗል። ያቺን ቦታ ለዓመታት ስመኛት ኖሬአለሁ። ባለቤቴ እናኑ ደግሞ ገና ሳልሾም ለሰፈሩ ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ባልሾም የማፍረው ቢሮ ሳይሆን ሰፈር ነው ማለት ነው! አቶ መላኩም አፋቸውን ሞልተው «ያረፈደ ሰው ቡድን አይመራም» ብለዋል። ቤቴ ከቢሮዬ ሩቅ ነው። ባጃጅ እንዳልጠብቅ፣ ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጁም ይጠፋል፤ ቤንዚን ሲመጣ ደግሞ ባጃጁ ቤንዚን ሊቀዳ ሰልፍ ላይ ነው። እና ከከተማ ሊለቅ ከተነሳ አንድ መምህር ላይ ሰማያዊ ብስክሌት ገዛሁ። ባለ ቃጭል!

እናኑ ብስክሌቱን በር ላይ ስታየው ለልጃችን የገዛሁት መሰላትና ደስ አላት። የኔ መሆኑን ስትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አንተ ሰው፣ በዚህ ዕድሜህ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሠለጠነ ይልሻል።»

«ደመወዙን ቀነሱበት ነው የሚለኝ!»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ በማግስቱ ጠዋት ወጣሁ። ደግሞ የኛ ሰፈር ዳገት ላይ፣ ቢሮዬ ቁልቁለቱ ማዶ ነው። ፔዳል መርገጥ እንኳ አያስፈልግም፤ ተቀምጦ መንደርደር ብቻ ነው። ከረባቴ በትከሻዬ ላይ ይውለበለባል፤ እኔ እንደ ጎረምሳ አፏጫለሁ። መንገድ ላይ የኔታ ጥበቡን አየኋቸው። የኔታ ጎረቤታችን ናቸው፤ ስንት ቅኔ አዋቂ ያወጡ፣ ሰፈሩ ሁሉ ሲያያቸው እጅ የሚነሳላቸው መምህር። ጥላቸውን ዘርግተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ቀስ እያሉ ይሄዳሉ። ቃጭሌን ደወልኩ፤ ራሴን ዝቅ አድርጌ «እንደምን አደሩ የኔታ!» አልኩና እልፍ። ማሽኑ አመሰገነኝ። አቶ መላኩም ሰዓታቸውን አይተው ፈገግ አሉልኝ። በቃ ተሾምኩ አልኩ።

ማታ ቤቴ ስገባ የኔታ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ይጠብቁኛል። እናኑ ጥግ ላይ አቀርቅራለች። 

«ልጄ፣» አሉ የኔታ፣ «ዛሬ ጠዋት አንድ ነገር በአጠገቤ አለፈ።»

«እኔ ነኝ እኮ የኔታ! ሰላም ብዬዎት ነበር።»

«ቃጭል ሰማሁ። ፍየል ናት ብዬ ዞር ብል አንተ ነህ።»

«ሥራ ቸኩዬ ነው...»

«አያትህ በቅሎ ነበራቸው፤ ታስታውሳለህ?»

«አዎ፣ አስታውሳለሁ።»

«አባቴ ፊት ሲደርሱ ወርደው፣ ልጓሟን ይዘው፣ ዝቅ ብለው ነበር ሰላም የሚሉ። ከኮርቻ ላይ ሆኖ ትልቅ ሰው ሰላም የሚል ወይ ሽፍታ ነው፣ ወይ ጠላት ነው። አንተ የትኛው ነህ?»

«እኔ... የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ።»

ሦስቱም ተያዩ። ከሁለቱ የትኛው ውስጥ እንደሚመድቡኝ ግራ የገባቸው ይመስለኛል።

ፍርዱ ብዙ አልቆየም። ከእንግዲህ ትልቅ ሰው ሳይ፣ ካህን ሳይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ስደርስ ከብስክሌቴ ልወርድ። «እንዴ የኔታ፣ ብረት እኮ ነው፣ በቅሎ አይደለም!» ልል አፌን ስከፍት እናኑ ከጥጓ ቀድማኝ «ይወርዳል!» አለች። ወረድኩ።

ወገኖቼ፣ በማርቆስ ጎዳና ላይ በጠዋት ስንት ትልቅ ሰው እንደሚሄድ የምታውቁት በብስክሌት ስትሄዱ ብቻ ነው። ኪዳን አድርሶ የሚመለሰው፣ ፀሐይ ሊሞቅ የወጣው፣ እድር የሚሄደው፣ የቆመበትን ምክንያት ራሱም የማያውቀው... ሁሉም ትልቅ ሰው! ፍሬን ይዤ እወርዳለሁ፤ በአንድ እጄ ብስክሌቱን፣ በሌላው ባርኔጣዬን ይዤ እጅ እነሳለሁ። «እንደምን አደሩ? ልጆቹስ? ወገብዎን ተሻለዎት?» እሳቸውም በተራቸው የኔን፣ የእናኑን፣ የልጄን ደኅንነት ጠይቀው ሲያበቁ ወደ ብስክሌቱ ዞር ይሉና «ብረቱስ ደኅና አደረ?» ይላሉ። እሱም ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ገና ተመልሼ ከመቀመጤ ሌላው ጥምጣም ከፊቴ ብቅ!

የገበያ ቀን ጭራሽ አይነሳ። ከይጁቤ በኩል የሚመጣው ባላገር ከነአህያው መንገዱን ሲሞላው፣ መሀሉ ላይ የሚስቴ ዘመድ አይጠፋም። በእግሬ ስሄድ እኮ እየተራመድኩ ሰላም እል ነበር። ብስክሌት ያለው ሰው ግን «ወርዶ» ነው ሰላም የሚለው፤ የወረደ ሰው ደግሞ ቶሎ ከሄደ ነውር ነው። በእግሬ ከምደርስበት ሰዓት በባሰ እያረፈድኩ፣ ማሽኑ ቀይ እያበራ እያኮረፈኝ ከረምኩ። ብስክሌቱም ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ያንቋርር ጀመር። እሱም ሰላምታ ሰልችቶት ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ መላኩ አስጠሩኝ።

«ብስክሌት ገዝተህ ከእግረኛ ኋላ ትመጣለህ እንዴ?»

«መንገድ ላይ ሰው እየበዛብኝ ነው፣ ጌታዬ።»

«መንገዱ አስፋልት ነው፤ ሰው ከዳር ነው!»

«ዳር ያለው ነው የበዛብኝ።»

ሰዓታቸውን አዩ። «ስማ፤ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እቅድህን ለኮሚቴው ታቀርባለህ። አንዲት ደቂቃ ካለፈች ቡድን መሪነቱን እርሳው!»

እየበረርኩ ቤቴ ገባሁ። ማንም እንዳይረብሸኝ ስልኬን አጠፋሁ። እናኑን እንደ ኮሚቴ አስቀምጬ እቅዴን ሳነበንብላት አመሸሁ። እንቅልፍ ወሰዳት፤ ይሄ እንደ መልካም ምልክት ነው የተወሰደው፤ ኮሚቴም እንደዚያ ነውና። ጠዋት ከረባቴን እያስተካከለች ጠጋ ብላ በጆሮዬ «ዛሬ አትውረድ» አለችኝ። ያቺ «ይወርዳል» ያለች ሴት! ሹመት ስንት ነገር ያስለውጣል...

እኔ ግን በማርያም እላችኋለሁ፣ ልወርድ ነበር። ቶሎ ብዬ ልወርድ፣ ቶሎ ብዬ ልወጣ ነበር ሐሳቤ። ደግሞ ሲቀናኝ የኔታ በሁልጊዜ ቦታቸው የሉም። ተመስገን ብዬ ቁልቁለቱን ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ሁለት አረጋውያን አየሁ፤ ፍሬኑን ያዝኩ። ምንም የለም። እንደገና ያዝኩ። እንኳን ሊቆም አላንቋረረም! የፍሬኑ ጎማ ሙልጭ ብሎ አልቋል። ምን ጨረሰው ብትሉኝ፣ ሰላምታ! ለትልቅ ሰው ስቆም፣ ስቆም፣ ስቆም ነው ያለቀው። አክብሮቴ ፍሬኑን በላው፤ አሁን ደግሞ ማንንም ሳላከብር ላልፍ ነው።

«እንደምን አ...!» ብዬ ሳልጨርስ አረጋውያኑን አለፍኩ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ በአንድ እጄ አማተብኩ፤ ከአክብሮትም ከፍርሃትም። ብስክሌቱ ይንደረደራል። እግሬን መሬት ላይ ብጎትት ጫማዬ ጭስ ሊያወጣ ደረሰ። መታጠፊያውን ስታጠፍ... ጉድ ፈላ! መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ነጠላ ነው። ጥላ ነው። ለፍትሐት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወሰድ አስከሬን፣ ከነቀባሪው፣ ፊት ለፊቴ!

ቃጭሌን ደወልኩ። ምን ላድርግ? ሕዝቡ የካህናቱ ቃጭል መሰለውና መንገድ ከፍሎ ዝቅ አለልኝ። በመሀል አለፍኩ፤ አስከሬኑ በቀኜ፣ ካህናቱ በግራዬ። «ነፍስ ይማር! ነፍስ ይማር! እግዜር ያጽናችሁ! ፍሬን ነው! ነፍስ ይማር!» እያልኩ ነበር አሉ፤ እኔ አላስታውስም። አልቃሾቹ እንኳ ዝም አሉ። ካህናቱ መሀል አንድ የማውቀው መቋሚያ ወደ ሰማይ ሲነሳ አየሁ። የኔታ! ከአጠገባቸው ደግሞ አንድ ግራጫ ኮት በትከሻዬ ታክኬ ወጣሁ።

ብስክሌቱ ከቢሯችን ፊት ያለችው ዳገት ላይ ራሱ ደክሞት ቆመ። ጣቴን ማሽኑ ላይ አደረግኩ። አረንጓዴ! አመሰገነኝ! ያን ጊዜ ነገሩን ሁሉ ረስቼ ከረባቴን አስተካክዬ ወደ አዳራሹ ገባሁ። ማንም የለም። ሁለት ሰዓት ተኩል ሆነ፤ ማንም የለም። ሦስት ሰዓት፤ ዝንብ ብቻ። በመጨረሻ ስልኬን ብከፍተው የመልእክት መዓት ይግተለተል ጀመር። የገንዘብ ያዣችን እናት ማታ አርፈዋል። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ጠዋት ለቅሶ ላይ እንዲገናኝ፤ ስብሰባው ከዚያ በኋላ።

ክው አልኩ። ቃጭል እየደወልኩ ሰንጥቄ ያለፍኩት የባልደረባዬን እናት ቀብር ነው!

ረፋዱ ላይ ኮሚቴው መጣ። አቶ መላኩ ከፊት ናቸው። ግራጫ ኮት ለብሰዋል። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው አቧራ ነው።

«በሰዓቱ ደርሰሃል?» አሉኝ።

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«አይተንሃል። ሁላችንም አይተንሃል።»

«ፍሬኑ አልቆብኝ ነው...»

«ምን ጨረሰው?»

«ሰላምታ።»

አንዱ የኮሚቴ አባል ሳቁን በሳል አስመሰለው። አቶ መላኩ ግን ሰዓታቸውን ሊያዩ ጀምረው ተዉት። «እኔም ቀባሪውን በመኪና ጥሩንባ ነፍቼ ላልፍ ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «አንድ የኔታ መጥተው የመኪናዬን መስተዋት በመቋሚያ ቆረቆሩት። ‹ውረድ!› አሉኝ። ወረድኩ። ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ ልግባ ብል ማን ፊት? እስከ ቤተ ክርስቲያን በእግሬ።»

እቅዴን የጠየቀኝ የለም። ኮሚቴው ወደ ጎን ተመካከረ። ቡድን መሪነቱ ለደምሴ ተሰጠ። ደምሴ ማለት ማሽኑ አንድም ቀን አመስግኖት የማያውቀው ባልደረባችን ነው። ያን ዕለት ቢሮም አልመጣም፤ አስከሬን ሲሸከም ውሎ በሌለበት ተሾመ! እንባዬ ሊመጣ ደረሰ። እናኑ ታየችኝ፤ ሰፈሩ ታየኝ።

«አንተንም አልረሳንህም» አሉ አቶ መላኩ። «ከዛሬ ጀምሮ የመሥሪያ ቤቱ የለቅሶ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነህ። ብስክሌት አለህ። ለቅሶ ላይ ካንተ ቀድሞ የሚደርስ እንደሌለ በዓይናችን አይተናል።»

ብስክሌቴን እየገፋሁ፣ የሟቿ ቤት ደርሼ፣ ገንዘብ ያዣችን እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ ጠይቄ፣ ማታ ቤቴ ደረስኩ። እናኑ በር ላይ ቆማለች።

«ሆንክ?»

«ሆንኩ።»

«ቡድን መሪ?»

«ሰብሳቢ።»

እልልታዋን አቀለጠችው! የምን ሰብሳቢ እንደሆንኩ አልጠየቀችም፤ እኔም ምን ቆርጦኝ እነግራታለሁ? በእልልታው ጎረቤት ተሰበሰበ። የኔታም መቋሚያቸውን ተደግፈው መጡ። ነገሩን ለቅሶ ቤት ከአቶ መላኩ ሰምተው ኖሮ፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው ሲመርቁኝ ዓይናቸው ይስቃል።

«ሹመት ያዳብር፣ ልጄ። ፍሬኑን አሠራው።»

«እሺ የኔታ።»

«ሰዓትም አክብር።»

«እሺ የኔታ።»

ወደ በሩ ሄደው ተመልሰው ዞር አሉ።

«እኔ የሞትኩ ዕለት ግን፣ አደራህን፣ አርፍድ።»