ለመምህር ዓይናዲስ ጣት የሚሆን ቱቦ

ሁሉን ነካክቶ ምንም ሳይገዛ የሚወጣ ደንበኛ የሌለው ሱቅ በጎንደር የለም። ለአዘዞዋ የቧንቧ ዕቃ ነጋዴ ለወይዘሮ የትነበርሽ የደረሳት ግን ከሁሉም የላቀው ነው፤ ክቡር መምህር ዓይናዲስ፣ የሃያ ስድስት ዓመት የጂኦግራፊ አስተማሪ፣ የአራት ወር የጊታር ተማሪ።

መምህር አንድ ሰው ትንሹ ጣቱ ላይ ቱቦ አጥልቆ በጊታር ክር ላይ ሲያንሸራትት በስልካቸው አዩ። ክሩ እንደ ሰው አለቀሰ።

«ስላይድ ይባላል» አሏት፣ ካርታ በሚያስረዱበት ድምፅ። «ሙዚቃ ቤቶቹ ዘንድ የለም። አንቺ ዘንድ ደግሞ ቱቦ ሞልቷል።»

«ስንት ኢንች ልስጥዎ?»

«እስቲ በጣቴ ልየው።»

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ጊታራቸውን አዝለው ይመጣሉ፤ የፕላስቲክ ወንበሯን ይይዛሉ፤ «እስቲ በጣቴ ልየው» ይላሉ። ቀጭኑ ብረት ስለሚቀል ይንጫጫል። ወፍራሙ ከብዶ ክሩን ከእንጨቱ ጋር ያጋጨዋል። አጭሩ ስድስቱን ክር አይሸፍንም። ፕላስቲኩንማ እንደ ተሰደበ ሰው ነው የመለሱት። አንዴ የመድኃኒት ጠርሙስ ይዘው መጥተው አንገቱን ቁረጪልኝ አሏት። «እኔ ቧንቧ ነጋዴ ነኝ፣ መምህር!» አለች፤ ሞከረች ግን፤ ተሰበረ።

ሰኔ ላይ አንድ የነሐስ ቁራጭ አገኙ። ክብደቱ ሸጋ፣ ርዝመቱ ሸጋ። ጠበብ ይላል እንጂ። ገፉት፤ ገባ። ሊያወጡት ሲሉ እምቢ አለ።

«ምነው መምህር! ሲጠብ እያዩ?»

«ከላላ ይወድቃል ብዬ ነዋ።»

ሳሙና ተቀባ፤ ዘይት ፈሰሰ፤ ጣቱ አብጦ መጥቆር ጀመረ። የትነበርሽ ብረት መቁረጫ ሴጌቶዋን አነሳች።

«የትኛውን ነው የምትቆርጪው?» አሉ። ሊቀልዱ ፈልገው ነበር፤ እጃቸውን ግን ወደ ኋላ ሸሸጉ። የግራ እጃቸው ነው፤ ይህ ጣት ከሄደ ጊታሩም ሄደ።

የቧንቧ መዝጊያ ሊገዙ ከጠዳ ከተማ መጥተው ተራ ይጠብቁ የነበሩት አዛውንት አያ አድማሴ ተነሡ። «ሴጌቶውን አስቀምጪው። አንተ፣ እጅህን ከራስህ በላይ ስቀል! ቀዝቃዛ ውኃ አምጪ።»

መምህር ጥያቄ ልመልስ እንደሚል ተማሪ እጃቸውን ሰቅለው ግማሽ ሰዓት ቆሙ። መንገደኛው እያየ አለፈ። በመጨረሻ እብጠቱ ጎደለ፤ ቱቦው ወለቀ። መምህር አመስግነው፣ ጊታራቸውን አንጠልጥለው፣ ማንንም ሳያዩ ወጡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጡም። የትነበርሽ ተገላገልኩ አለች። በሁለተኛውም አልመጡም። ወንበሩ ላይ ሌላ ሰው ሲቀመጥ፣ ለምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ ተናደደች።

በሦስተኛው ሳምንት ሱቁ ጭር ሲል ሰፋ ያለ ነሐስ መርጣ ቆረጠች። አፉን ጣት እንዳይቧጥጥ እስኪለሰልስ ድረስ በሞረድ ሞረደችው። ከዚያ ሰው ላከችባቸው።

መምህር ጊታራቸውን አዝለው መጡ፤ አጥልቀው አዩት። «ትንሽ ላልቷል» አሉ።

«ይላላ። ለጀማሪ የሚወልቅ ይበቃል።»

ጊታሩን አወጡና ተጫወቱ። ድምፁ በር ሥር ጅራቷ የተያዘ ድመት ይመስላል። ቆም ብለው ጣታቸውን አስተካክለው እንደገና ጀመሩ። አሁን ግን መሐል ላይ አንዲት ድምፅ ሳትሰበር፣ ቀስ ብላ ወጣች። መምህር እንኳ ደነገጡ።

«እመቤት፣ መገጣጠሚያውን ቶሎ ስጭኝ» አለ ከበሩ አንድ የአምባ ጊዮርጊስ ሰው፣ ብሩን ዘርግቶ። «አውቶቡሱ ሊሄድብኝ ነው!»

የትነበርሽ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም። «ታገሥ» አለችው። «መምህር ይጨርሱ።»