ዳገት ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ

ሕክምና ያልተማረ ሐኪም የሌለበት ሰፈር በዚህ አገር አይገኝም። አንዱ ሰፈር ነጭ ሽንኩርት የሚያዝ ጡረተኛ አለው፤ ሌላው ሎሚ በሙቅ ውኃ የምታዝ ባለሱቅ አለችው። ለጅማው ቦሳ ኪቶ የደረሰው ግን ከሁሉ የላቀው ነው፤ ክቡር ሐጂ ቲጃኒ፣ የእግርና የሆድ ጉዳይ የበላይ ኃላፊ፣ የጎመን ጠበቃ፣ የስኳር ጠላት።

ይህን ሹመት ማንም አልሰጣቸውም፤ ራሳቸው ናቸው ራሳቸውን የሾሙት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከጅማ አጋሮ፣ ከአጋሮ ጅማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረዋል። ተቀምጠው ሠሩ፣ ተቀምጠው በሉ፣ ተቀምጠው ሸበቱ። ጡረታ ወጥተው ከመሪው በተነሱ ማግስት ግን መራመድ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩን አወቁ። ከእሳቸው በፊት ያወቀው ሰው ያለ አይመስላቸውም።

የሰው ገላ ለእሳቸው መኪና ነው። ልብ ሞተር፣ ጉልበት ባሌስትራ፣ ኩላሊት ፊልትሮ። ሻይ ቤት ሲገቡ የሰው ብርጭቆ ላይ ያጎነብሳሉ።

"ስንት ማንኪያ ነው የጨመርከው? ነዳጅ ታንኩ ውስጥ ስኳር የሚጨምር ሹፌር አይተሃል? ይህ እኮ ለጠላት መኪና የሚደረግ ነው!"

ሰውዬው መልስ ሲፈልግ እሳቸው ወደሚቀጥለው ብርጭቆ አልፈዋል።

ሰርቦ በተደረገ አንድ ሰርግ ላይ ሰሃን ይዘው የተሰለፉትን እንግዶች አንድ በአንድ ፈተሿቸው። "ግማሹ አረንጓዴ ይሁን! ግማሹ!" የሙሽራው አባት ጠጋ ብለው "ሐጂ፣ ዛሬ እንኳ ይለፉን፤ ሰርግ ነው" ቢሏቸው፣ "ደም ብዛት የሰርግ ካርድ አይጠይቅም" ብለው የእሳቸውንም ሰሃን አዩት።

ሌላ ቀን ደግሞ ለሁለት አጥር ርቀት ባጃጅ የተሳፈረ ጎረምሳ አገኙ። "ውረድ!" አሉት። "እግርህን ለማን አከራየኸው?"

"ኧረ አቦ ሐጂ! እንጀራዬን!" ብሎ ጮኸ ባለባጃጁ ሱፊያን።

"አንተም ውረድ። መቀመጫህ ከወንበሩ ጋር ሊበየድ ነው።"

የሚገርመው፣ ሱፊያን ወረደ።

ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል ግን ሐጂ ቲጃኒ በጣም የለፉበት የአጥር ጎረቤታቸው ፈለቀ ነው። ፈለቀ ከፍርድ ቤት በጡረታ የወጣ፣ ጸጥታ የሚወድ ሰው ነው። ሚስቱ ብርሃንነሽ ስትሞት ጎረቤቱ እንደ ወጉ እዝን ይዞ ገባ፣ አብሮት በላ፣ አብሮት አመሸ። ኋላ ድንኳኑ ፈረሰ፤ አርባዋ ወጣ፤ ሰው ወደየቤቱ ሄደ። ቤቱ ውስጥ ፈለቀና ጠረጴዛው ቀሩ።

ከዚያ በኋላ ፈለቀ ጠረጴዛው ላይ አልበላም። ማድ ቤት ውስጥ ቆሞ ዳቦ ሻይ ውስጥ እየነከረ ይውጥና ይወጣል። ቀበቶው ላይ በሚስማር አዲስ ቀዳዳ በሳ። ልጁ ናርዲ ከአዲስ አበባ እየደወለች "አባዬ፣ ምን በላህ?" ስትለው "በልቻለሁ" ይላታል። እሷም ሞኝ አይደለችም።

"መጥቼ አይሃለሁ" አለችው አንድ ቀን። "ራስህን መጠበቅ ካቃተህ ይዤህ ነው የምመለሰው። ቁርጡን ነው የነገርኩህ።"

ፈለቀ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ ጓሮ አየ። ጓሮ ያለውን አቮካዶ የተከለችው ብርሃንነሽ ናት። ደህና አድርጎ ማፍራት የጀመረው ገና ዘንድሮ ነው። እሱን ትቶ የት ይሄዳል?

ከዚያ ስልክ በኋላ አንድ ማለዳ ላይ የፈለቀ የቆርቆሮ በር ሁለት ጊዜ በመዳፍ ተመታ፤ የአውቶቡስ ረዳት ሰው ገብቶ ሲያልቅ የመኪናውን ጎን እንደሚመታው።

"ሳበው!" አሉ ሐጂ ቲጃኒ ከውጭ። "ሜ ኮቱ ፈለቀ! ና ውጣ!"

"አሞኛል ሐጂ።"

"የቆመ መኪና ሁሉ ያመዋል። ባትሪ የሚሞተው ቆሞ ነው።"

"ነገ እንሄዳለን።"

"እሺ። እስከ ነገ እዚሁ እጠብቅሃለሁ" አሉና በሩ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። መንገደኛው ሁሉ "ሐጂ፣ ምን ሆነው ነው?" ማለት ጀመረ። ፈለቀ አፍሮ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሐጂ ከሱብሒ ሶላት በተመለሱ ቁጥር በሩ ይመታል፤ ፈለቀም ይወጣል።

ቀጥሎ ማድ ቤቱ ተወረረ። "ሥጋችሁን አልነካም፤ እሱ የእናንተ ነው" አሉ ሐጂ የድስቱን ክዳን እያነሱ፤ "ጎመናችሁን ግን እመረምራለሁ።"

ጎመን አልነበረም። ድስቱ ውስጥ ምንም አልነበረም። ሐጂ ክዳኑን ቀስ አድርገው መለሱትና በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይናገሩ ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ሚስታቸው ለጢፋ አንድ ቀን ጎመን፣ አንድ ቀን የተቀቀለ ጎዳሬ በሰሃን ትልካለች። ረቡዕና ዓርብ ቅቤ ያልነካው ነው የሚመጣው። የጾሙን ቀን ፈለቀ ራሱ ቢረሳ እሷ አትረሳም። ሐጂ ደግሞ ሰሃኑ ጠረጴዛ ላይ ካላረፈ ከበሩ አይነቃነቁም። "ቆሞ የሚሞላው መኪና ነው። አንተ ተቀመጥ!" ፈለቀ ከብርሃንነሽ ወንበር ፊት ለፊት ተቀመጠ። በላ።

ማለዳ ማለዳ የሚሄዱት ወደ ጅሬን በሚያወጣው ዳገት ነው። ፈለቀም ታማኝ ተማሪ ወጣው። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ቆም ይልና "ሐጂ፣ ስለ ጎመን ምን ነበር ያሉኝ?" ይላል። ሐጂም ይቆማሉ፤ ያስረዳሉ። ጎመን የፊልትሮ አጣቢ መሆኑን፣ ብዙ ከተቀቀለ ጥቅሙ ከውኃው ጋር እንደሚደፋ፣ ዘይቱ ለስም ያህል ጠብ ማለት እንዳለበት። "ጀባዱ! በርታ!" ብለው ትከሻውን መታ ያደርጉና ጉዞው ይቀጥላል።

ናርዲ እንዳለችው መጣች። አባቷን በር ላይ ስታየው ጉንጩ ሞላ ብሏል። ጠረጴዛው ላይ የለጢፋን ሰሃን አየች። ቀበቶው ወደ ድሮ ቀዳዳው ተመልሷል። ደስታዋን መደበቅ አቃታት።

በማግስቱ ማለዳ አብራቸው ወጣች። መታጠፊያው ላይ አባቷ "ሐጂ፣ ስለ ጎመን ምን ነበር ያሉኝ?" አለ። ሐጂ አስረዱ። ናርዲ ጥሩ ነገር ተማርኩ ብላ ወረደች።

በሁለተኛው ቀን፣ እዚያው መታጠፊያ ላይ፣ አባቷ "ሐጂ፣ ስለ ጎመን ምን ነበር ያሉኝ?" አለ። ቃል በቃል። ናርዲ ክው አለች። ስትመለስ ሱፊያንን አስቁማ ጠየቀችው።

"እሱማ በየቀኑ ነው!" ብሎ ሳቀ ሱፊያን። "እኔ ራሴ በዚያ ሳልፍ እየሰማሁ ጎመኑን በቃሌ ይዤዋለሁ።"

ቁርስ ላይ ናርዲ እንጀራውን መቁረስ አቃታት። "አባዬ፣ የጠየቅከውን ትናንትም ጠይቀኸው ነበር።"

"አውቃለሁ።"

"በየቀኑ ትጠይቃለህ ነው የሚሉት።"

"አዎ።"

"አባዬ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እማዬ ካረፈች ወዲህ ብቻህን... ሐኪም ማየት አለብህ። ልብስህን አዘጋጅ፣ አብረን እንሄዳለን።"

ፈለቀ ወደ አጥሩ አየ። ነገሩን በአንድ ቃል መግለጥ ይችላል። ግን ሐጂ ከአጥሩ ማዶ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ይሰማል፤ አጥሩ ቆርቆሮ ነው። ያቺ ቃል አንዴ ከወጣች እሳቸው ጆሮ ለመድረስ ባጃጅ አያስፈልጋትም። በሌላ በኩል ደግሞ የልጁ ዓይን እንባ አቅርሯል።

"ነገ አብረሽን ውጪ" አላት በመጨረሻ። "ስጠይቅ እኔን አትዪ። እሳቸውን እዪ።"

ወጣች። ሜዳው ላይ ሐጂ ስለ አቮካዶ፣ ስለ ስኳር፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ወንበር ክፋት ሲናገሩ አፋቸው አላረፈም። ዳገቱ ሲጀምር ዝም አሉ። ናርዲ እንደተነገራት አየቻቸው። የአንገታቸው ሥር ተገትሯል። ከንፈራቸው ነጥቷል። አንድ እጃቸው ጉልበታቸውን ደግፎ ነው የሚራመዱት። እግራቸው ግን አይቆምም፤ አውቶቡሳቸው አንድም ቀን መንገድ ላይ ቆሞባቸው እንደማያውቅ ሲፎክሩ የኖሩ ሰው በምን አንገታቸው ይቆማሉ?

መታጠፊያው ላይ ፈለቀ ቆመ። "ሐጂ፣ ስለ ጎመን ምን ነበር ያሉኝ?"

ሐጂ ቆሙ። ባሕር ዛፉን ያዙ። "ጎመን..." አሉ፤ ረጅም አየር ሳቡ። "ጎመን ማለት እንግዲህ..." እንደገና ሳቡ። "ፊልትሮውን ነው የሚያጥበው።" ስለ ውኃው ሲነግሩት ከንፈራቸው ቀላ። ዘይቱ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው የአውቶቡስ ክላክስ ሆነ። "ጀባዱ!" አሉት፤ ቀጠሉ።

ናርዲ አባቷን አየችው። እሱ መሬት መሬት ነው የሚያየው።

ሁለተኛው መታጠፊያ ከመጀመሪያው ይብሳል። ሐጂ እንደገና ዝም ብለዋል። ፈለቀ አፉን ሊከፍት ሲል ናርዲ ቀደመችው።

"ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ያ የስኳሩ ነገር ግን አልገባኝም። ነዳጅ ታንኩ ውስጥ ነው ያሉት?"

የሐጂ ቲጃኒ ፊት በራ። ድንጋይ ፈልገው ተቀመጡ፤ ለዚህ ጉዳይ መቀመጥ ያስፈልጋል። "ነይ ልጄ፣ ነይ" አሉ ደረታቸውን ይዘው፤ "ከመጀመሪያው እንጀምር።"

ናርዲ ሰሃኑን ልትመልስ ስትሄድ ለጢፋ በሳቅ ነው የተቀበለቻት። "ወላሂ ይህ ሰውዬ ከመኝታ ቤት ሳሎን የሚያደርስ አውቶቡስ ቢኖር ይሳፈር ነበር! ጉልበቱን ማታ ማታ የማሸው እኔ ነኝ። 'ቅር፣ ዛሬ እንኳ ተኛ' ስለው 'እኔ ከቀረሁ ፈለቀም ይቀራል' ይለኛል።"

ናርዲ የአባቷን ሻንጣ ሳታወርድ የራሷን ብቻ ዘጋች። መናኸሪያ ሊሸኟት ሁለቱም በእግር መጡ፤ ባጃጅ እንዴት ተደርጎ። ሐጂ ጆሮዋ አጠገብ ጎንበስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"አባትሽ ትንሽ ይረሳል። የጎመኑን ነገር በየቀኑ ነው የምነግረው። አትጨነቂ ልጄ፣ እኔ አለሁ።"

"እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሐጂ" አለች።

መኪናው ሲነሳ በመስኮት ወደ አባቷ ተሳበች። "አባዬ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይስ ምንድን ነው የምትጠይቃቸው?"

"ስለ ጨው" አለ ፈለቀ። "ጨው ረጅም ነው።"

ሐጂ ቲጃኒ የአውቶቡሱን ጎን ሁለት ጊዜ በመዳፋቸው መቱት።

"ሳበው!"