ኤዶሳ ዘክሪስታል የነፋስን ቀዳዳ እንደ ደፈነ

ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ፣ ዓመቱ ፳፻፣ ወሩም ሚያዝያ ሆኖ፣ በረዶው በመኪና ማቆሚያዎች ጥግ ብቻ ጠቁሮ በቀረበት ወራት፣ ብርቱውና ታጋሹ ኤዶሳ፣ የከተማ አውቶቡስ ነጂ፣ ባለ ሁለት ወንበር አውሮፕላን በገዛ እጁ መሥራት በጀመረ በሰባተኛው ዓመት፣ በሚኒሶታ በክሪስታል አውሮፕላን ማረፊያ የሆነው ይህ ነው።

በብርዱ ወራት ሕግ የሚያዘውን የሙከራ በረራ ሰዓት ሁሉ ብቻውን በርሮ ከፈጸመ በኋላ፣ ሙቀት ብቅ ባለበት በመጀመሪያው ቅዳሜ የሞተሩ ሙቀት መለኪያ መርፌ ቀዩን መስመር ረገጠ፤ እርሱም ላቡን እየጠረገ በዘጠኝ ደቂቃ ተመልሶ አረፈ። ይህንም ባለቤቱ ወይዘሮ ጃለኔ፣ ጸዋሪተ ፈረቃ፣ የሆስፒታል ነርስ፣ ከአጥሩ ሥር ቆማ አየች። እርሷ ሌሊት እርሱ ቀን ስለሚሠሩ በዚያ ቤት ቃል የሚተላለፈው በፍሪጅ በር ላይ ነበርና፣ በማግሥቱ እንዲህ የሚል አዋጅ ተለጥፎ ተገኘ፦

«ኤዶ፣ ስማ! እስከ ቅዳሜ ፊክስ ካላደረግከው ፕሌኑ ይሸጣል። ሰባት ዓመት ሙሉ ዊክኤንድ የለኝም። ባል አለኝ ብል ማን ያምነኛል?»

ኤዶሳም አንብቦ ልቡ ታመመ፤ እውነት ነበረና።

ወእምዝ ሠራዊቱን ጠራ፤ መብራት ያዡ ክፍሌ ታክሲውን አቁሞ፣ ሲሊኮን ተሸካሚው ዲንሳ ምሳውን ቋጥሮ፣ ጎረቤቲቱ ዙለይሃም ቅጠል በነፋስ የሚያባርር ማሽኗን ይዛ፣ ለማንም አላውስም ብላ ራሷ መጣች። ከፊት የሚገባው ነፋስ በሞተሩ መካከል አልፎ ሊያቀዘቅዘው ሲገባ፣ በዙሪያው ባሉት ቆርቆሮዎች ክፍተት እየሾለከ ይጠፋ ነበር። ኤዶሳም ተንበርክኮ፣ የጠላ ጋን እንደሚመረግ፣ ክፍተቱን በቀይ የሲሊኮን ሙጫ መረገ፤ ዐሥራ አራት ቀዳዳ ደፈነ፣ አውራ ጣቱንም ከቆርቆሮው ጋር አጣበቀ፣ ክፍሌም በብዙ ተጋድሎ አላቀቀው። በሦስተኛው ቀን ወጥቶ ቢበር ግን መርፌው ዳግመኛ ቀዩን ረገጠ።

ዓርብ ከሰዓት ወይዘሮ ጃለኔ መጣች፤ የሚሸጠውን ልትሰናበት ነው ተባለ፤ ገብታም በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በወንበሯ ተቀመጠች። ዙለይሃ ማሽኗን በሞተሩ አፍ ነፋች፣ ሠራዊቱም የሚያመልጠውን ነፋስ በመዳፋቸው ፈልገው አጡ። ያን ጊዜ ነፋሱ የጃለኔን እግር መታው።

ከወንበሯ ሥር ቱቦ ነበረ። ሚኒሶታ ከገባች ጀምሮ እግሯን ይበርዳት ነበርና፣ ኤዶሳ በአራተኛው ዓመት፣ ከሞተሩ ነፋስ ጠልፎ፣ በጭስ ማውጫው አሙቆ ወደ እርሷ እንዲያደርስ የሠራው ነው። ቀዳዳዎችን ሲቆጥር ይህን አልቆጠረውም፤ በእርሱ ዘንድ ስጦታ እንጂ ቀዳዳ አልነበረምና።

ጃለኔም ከወንበሯ ሳትወርድ አዋጅ አስነገረች፦ «ይደፈን! ለእግሬ ካልሲ አለኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?»

ኤዶሳ ዐሥራ አምስተኛውን ሲመርግ ዐይኑ እንባ አቀረረ፤ ዜና ጸሐፊውም የሲሊኮኑ ሽታ ነው ብሎ አልጻፈም።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለቱም በሐይቆቹ ላይ አርባ ደቂቃ በረሩ፤ መርፌው ከአረንጓዴው ንቅንቅ አላለም፤ ጃለኔም ሦስት ካልሲ ደርባ እግሯን በረዳት። እሑድ ጠዋት የፊተኛው አዋጅ ተሽሮ በፍሪጁ ላይ ይህ ተተካ፦ «ቅዳሜን ኦፍ ጠይቄያለሁ። ወፍራም ካልሲ ግዛ።»

ክብር ነፋስን በአውራ ጣቱ ላገደው ለኤዶሳ ዘክሪስታል ይሁን፤ ይልቁንም እየበረዳቸው ለበረሩት ለጃለኔ እግሮች።