ከሰርቪስ ቤት ሳሎን፣ ስድስት ሰዓት

የተማረ ሰው አንድ የምቀናበት ነገር አለው፤ ያልገባውን ሲናገር እንኳ የገባው ይመስላል። እኛ አራተኛ ክፍል ላይ የቀረነው ግን የገባንንም ስንናገር ማን ይሰማናል?

የእህቴ ልጅ ራሔል የሠርግ ቪዲዮ ታቀናብራለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የያዘችው ሥራ የወይዘሮ አስካለ ልጅ ሠርግ ነው። ወይዘሮ አስካለን ለማታውቁ ልንገራችሁ፤ ኮልፌ ውስጥ እሳቸው የናቁትን የሚያነሳ የለም፣ ያመሰገኑት ደግሞ እስከ ዘነበወርቅ ድረስ ይፈለጋል። ባለፈው ቅዳሜ በስምንት ሰዓት መጥተው ፊልሙን ሊያዩ ቀጠሩ። ፊልሙ ያለው ሰርቪስ ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር የተያያዘው ግን የሳሎኑ ኮምፒውተር ነው። ሁለቱ በዋይፋይ ይቀባበላሉ ይባላል።

ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ራሔል ፊልሙን ወደ ሳሎን ላከችው። ኮምፒውተሩ ስድስት ሰዓት ይፈጃል ብሎ እርፍ! ከሰርቪስ ቤት ሳሎን እኮ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፣ ያውም በእኔ ጉልበት። በስድስት ሰዓት ሰው ደብረ ማርቆስ ገብቶ እግሩን ይታጠባል!

እጮኛዋ ሳሙኤል ተጠራ። ኮምፒውተር የተማረ ነው፤ ሽምግልና የመጡት ሰዎች ዲግሪውን ሦስት ጊዜ አንስተውልናል። መጣና አጥፍቶ አበራው። ይህንንማ እኔም በቴሌቪዥኑ ላይ አደርገዋለሁ፣ ዲግሪ የሰጠኝ ግን የለም። ቀጥሎ የሁላችንንም ስልክ ከዋይፋዩ አስወጣ። ይሄኔ ስድስቱ ሰዓት ሰባት ሆነ። ዕድገት ነው!

ራሔል ገመድ እንዘርጋ አለች፤ እኔ ደግሞ ለምን ኮምፒውተሩን ተሸክመን አናመጣውም አልኩ። ሳሙኤል ሳቀብን። ኧረ እትዬ፣ በዚህ ዘመን ገመድና ሸክም ቀርቷል፣ እርስዎ ቁጭ ብለው ይመልከቱ አለኝ። ተመለከትኩ። ሳቄን በነጠላዬ ጫፍ አፍኜ ተመለከትኩ። ራሔል ግን ጥፍሯን እየቆረጠመች፣ አክስቴ አትሳቂ፣ ዛሬ ስሜ ሊጠፋ ነው ስትለኝ አንጀቴን በላችው።

ሰባት ሰዓት ተኩል ሊሆን ሲል ሳሙኤል ድንገት ቀና አለና፣ ዋይፋዩን የምትረጨው ባለ ቀንድ ሳጥን የት ሄደች አለ።

አሁን እንግዲህ ፍረዱኝ። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ያውም ወይዘሮ አስካለ! ያቺ ሳጥን ሁለት ቀንዷን አቁማ፣ አረንጓዴ ዓይኗን እያርገበገበች ሳሎን መሀል ትታይ? ጠዋት ቤት ሳስተካክል ቡፌ ውስጥ አስገባኋት። በእጄ የሠራሁትን ዳንቴል አለበስኳት። ከፊቷም ትልቁን የብረት ትሪ አቆምኩላት። እንደ ሙሽራ ነው የያዝኳት!

ሳሙኤል ቡፌውን ከፍቶ እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና እሷን አየ። እትዬ፣ ብረት እኮ ይጋርዳታል አለኝ በለሆሳስ። እኔም ቶሎ ብዬ፣ ብርድ እንዳይመታት ነው አልኩ። ምን ልበል ታዲያ? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ፤ ሳሎን አሳምራለሁ ብዬ የልጄን እንጀራ ልደፋ!

ሳጥኗን ራቁቷን ቡፌው አናት ላይ አወጣናት። ሰባቱ ሰዓት ወደ ግማሽ ሰዓት ወረደ። ፊልሙ ሳሎን ሲደርስና ወይዘሮ አስካለ በሩን ሲያንኳኩ አንድ ሆነ።

አዩት፣ አለቀሱ፣ መረቁ። የሙሽራዋን ታናሽ ሠርግም ከራሔል ሌላ የሚነካው የለም አሉ። ራሔል ጉልበታቸውን ስማ ሳትነሳ፣ ዓይናቸው ወደ ቡፌው ሄደ። ቤታችሁስ ያምራል አሉ፤ ግን ይቺ ቀንዳም ምንድን ናት፣ ሴት ባለበት ቤት የምትሸፈንበት ዳንቴል ጠፋ?

ሳሙኤልን አየሁት። ጫማውን አጥልቆ፣ አሥራ ሁለት እርምጃ የሚደርስ ገመድ ሊገዛ ወጣ።