የእቴጌ ቶክን አሰጣጥ

የፈለጋችሁት መሥሪያ ቤት ግቡ፤ ሥራ አስኪያጁ ጭምር የሚፈራው አንድ ሰው አታጡም። ይህ ሰው ብዙ ጊዜ የራሱ ክፍል የለውም፤ ወንበሩም መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ነው። ነገር ግን የሆነ ነገር ይሰጣል፤ ሲሰጥም ቆንጥሮ ነው። እስክሪብቶ ስትጠይቁት «ያለቀውን አምጣ» የሚለው የንብረት ክፍል ሠራተኛ ከዚህ ወገን ነው። ሙሉ ሳሙና ለማንም ሰጥታ የማታውቅ፣ በቢላ እየቆረጠች የምታድል አክስትም እንደዚያው።

እኛ ለክሊኒኮች የቀጠሮ ፕሮግራም እንሠራለን። የእኛ ቤት ቆንጣሪ ክብርት እቴጌ ቶክን ይባላሉ። ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛው ነን፤ እሳቸው አይሰሙም ብለን ነው። ዕድሜያቸው ከእኔ ብዙም አይርቅም፤ ግን «አንቺ» ሊላቸው የደፈረ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

ነገሩ ላልገባው ላስረዳ። ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት በር አለ፤ ኤፒአይ ይሉታል። በሩን የሚያስከፍተው ቶክን ነው፤ እንደ መግቢያ ወረቀት የሚያገለግል ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር። እኔ ፕሮግራሙ በትክክል መሥራቱን የምፈትሽ ሰው ነኝ፤ ቶክን ከሌለኝ እጄን አጣጥፌ ጣሪያ ማየት ነው ሥራዬ። ቶክኑን የሚያወጡት ደግሞ እቴጌ ናቸው፤ ራሳቸው በጻፏት ትንሽ ፕሮግራም፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ እየጻፉ። ሥዕል የለ፣ አዝራር የለ። ማውሳቸውን መሳቢያ ውስጥ ቆልፈውበታል። ፕሮግራሟም ቁርጥ እሳቸውን ናት፤ ለማን፣ ለምን፣ እስከ መቼ ብላ ትጠይቃለች፤ አንዱን ካልመለሱላት ንቅንቅ አትልም።

«እትዬ፣ ቶክን ፈልጌ ነበር።»

«ምን ልታደርግበት?»

«ቀጠሮ መሰረዝ መሥራቱን ልፈትሽበት።»

«መሰረዝ ብቻ? መመዝገብስ አትፈልግም?»

አዲስ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደግነት ይመስለውና «እሱንም ይጨምሩልኝ» ይላል። እቴጌ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ይሰቅላሉ። «ለመሰረዝ የመጣ ሰው፣ መመዝገብ ምን ያደርግለታል?» ከዚያ በኋላ ለዚያ ሰው የሚወጣለት ቶክን ዕድሜው ሻይ ቀርቦ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ቢሆን ነው።

ቶክኑ ሥራ መሃል ላይ ያልቃል፤ ተመልሰህ ትሄዳለህ። «እግር ሰጥቶህ የለ?» ይሉሃል። በዚህ የተነሳ ክፍላችን ውስጥ ቦርጭ ያለው ሰው የለም። የንድፍ ባለሙያችን አንድ ጊዜ ስለ እግራችን አዘነና፣ ሰው ራሱ ተጭኖ ቶክን የሚወስድበት አዝራር ያለው ገጽ ሠርቶ አሳያቸው። እቴጌ አገላብጠው አዩት። «ቀለሙ ያምራል» አሉ። «በል አሁን አጥፋው።» ሁለት ሰዎች ቶክን ከተዋዋሱም እቴጌ ከወንበራቸው ሳይነሱ ይሰርዙታል። ደግሞ አይቆጡም፤ የሚያናድደው እሱ ነው።

እውነቱን ለመናገር ግን ማንንም ባዶ እጁን መልሰው አያውቁም። ጣታቸው ኪቦርዱ ላይ ሲሮጥ ማየት ራሱ ደስ ይላል። ስልክ እያወሩ፣ የአንዱን ቅሬታ በሌላው ጆሯቸው እየሰሙ፣ ስክሪኑን ሳያዩ ይጽፋሉ፤ ስህተት የለም።

አንድ ቀን የክሊኒኮች ማኅበር ሰዎች ሥራችንን ሊያዩ መጡ። ውሉን ከፈረሙ እንተርፋለን፤ ካልፈረሙ ክፍላችን ይዘጋል፣ እኛም ወደየቤታችን። ሥራ አስኪያጃችን ይህን ሳይደብቅ ነግሮናል። ጠዋት ራሱ ወደ እቴጌ ሄደ።

«እትዬ፣ ዛሬ እንዳያሳፍሩኝ። ሁሉን የሚከፍት፣ የማያልቅ አንድ ቶክን ይስጡኝ።»

«ምን ሊያሳዩበት?»

«የቀጠሮ ዝርዝሩን።»

ዝርዝሩን ለማየት ብቻ የሚሆን፣ የማሳያው ሰዓት ሲያበቃ አብሮ የሚያበቃ አወጡለት።

«እንግዳ ፊት ቢያልቅብኝስ?»

«ቶሎ ቶሎ ይናገሩ።»

ሰውየው እያጉረመረመ ሄደ። ከዚያ እንግዶቹን ሊያስደንቅ ፈልጎ ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ስክሪን እንዳለ ግድግዳ ላይ አበራው። ቶክኑ ከነሙሉ ፊደሉ፣ እያንዳንዱ ፊደል መዳፍ አክሎ ግድግዳው ላይ ተዘረጋ። እኔ ክው አልኩ፤ ቶክኑን የገለበጠ ሁሉ በሩን ሊያስከፍትበት ይችላል። እንግዶቹ ግን ወደዱት፤ ስልካቸውን አውጥተው ፎቶ አነሱ።

ገለጻው አልቆ፣ ሊፈረም እስክሪብቶ ሲፈለግ፣ ከእንግዶቹ አንዱ የሆነው የማኅበሩ የኮምፒውተር ባለሙያ እጁን አነሳ።

«ግድግዳው ላይ ያሳያችሁንን ቶክን ፎቶ አንስቼዋለሁ። እስቲ ልሞክረው። ከከፈተልኝ የበሽተኞቻችንን ምስጢር ለእናንተ አንሰጥም።»

ሥራ አስኪያጁ አመድ መሰለ። ባለሙያው ላፕቶፑን ከፈተ፣ ቶክኑን ከፎቶው ገለበጠ፣ ላከው። የሁላችንም እንጀራ እሱ ጣት ላይ ነበር። ስክሪኑን ጠጋ ብሎ አነበበ።

«ጊዜው አልፏል፣ ይላል።»

አላመነም፣ ደገመው። ያው ነው። ከዚያ ፈረሙ። ሥራ አስኪያጁ የእንግዳውን ውሃ አንስቶ ጠጣና ወደ እቴጌ ሮጠ።

«እትዬ፣ አዳኑን!»

«አልቆ ነበር አይደል?»

«አልቆ ነበር!»

«እንግዲህ ሥራው ማለቅ ነው» ብለው ወደ ስክሪናቸው ዞሩ።

እንግዶቹን እስከ ሊፍቱ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ባለሙያው ወደ ኋላ ቀረት አለና ክንዴን ያዘኝ።

«ያን ቶክን ያወጣው ማነው?»

«አንዲት ባልደረባችን ናቸው» አልኩት እየኮራሁ።

«እንዲህ ያለ ሰው ስፈልግ ነው የኖርኩት። ደሞዙ አያሳስብህ፤ ብቻ አሁኑኑ አገናኘኝ።»

የእቴጌ ወንበር ባዶ ሆኖ ታየኝ፤ ምን ያህል እንደምወዳቸው ያኔ ነው የገባኝ።

«ኧረ ይቅርብህ ወንድሜ» አልኩት። «ሴትየዋ ነገረኛ ናት። ከሰው አትገጥም። ጠዋት ትገባለች ስትል ከሰዓት ነው ብቅ የምትለው። ኮምፒውተርም ቢሆን ብዙ አይሆንላትም፤ የዛሬው ዕድል ነው።»

ሰውየው ደነገጠ። «ታዲያ እናንተ እንዴት ቻላችኋት?»

«ምን ይደረጋል፣ ችለን እንኖራለን።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና፣ ከልቡ እያዘነልኝ ሊፍት ውስጥ ገባ።